የእናቴ ጌሾና የጎረቤት ዋንዛ

«ጌሾውማ አልተነካም» ይሉኛል እስከ ዛሬ። መንገድ ላይ ያገኘኝም፣ ቀሚስ ሊያሰፋ የመጣም፣ ነገሩ በተነሳ ቁጥር ይህችኑ ይደግማታል። አልተነካም። አንዲት ቅርንጫፍ አልተሰበረችም፣ አንዲት ቅጠል አልተቀነጠበችም። ልክ ናቸው፤ ማንም እጁን አላሳረፈበትም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ልክነታቸው ነው።

ቤታችን ወረታ ዳር ነው፤ ከአስፋልቱ ወደ ታች ሲወረድ፣ የከተማው ቤት አልቆ የሩዙ ማሳ ሊጀምር ሲል። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው። በክረምት ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፤ የእኛ ግቢ ትንሽ ከፍ ስለሚል ውሃው አጥራችን ሥር ደርሶ ይቆማል። ጌሾ ደግሞ ሥሩ ውሃ ውስጥ ከሰነበተ ይበሰብሳል። ስለዚህ እናቴ ገና በወጣትነቷ አፈር በቅርጫት እያመላለሰች በጓሮ በኩል እስከ ጉልበት የሚደርስ መደብ ሠራች፤ ጌሾዋን የተከለችው እዚያ ላይ ነው። ቦታውን ስትመርጥ ያየችው አፈሩን ብቻ አልነበረም። ከአጥሩ ወዲያ፣ በምዕራብ በኩል ባለው ጎረቤት ግቢ፣ አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበር። ፀሐይ ከአናት ዘንበል ካለችበት ሰዓት ጀምሮ እስክትጠልቅ ድረስ ጥላው በእኛ መደብ ላይ ይውላል።

ጌሾ ጥላ ይወዳል። በጥላ ያደገው ቅጠሉ ሰፊ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ቅባት የነካው ይመስል የሚያብረቀርቅ ነው። ቢቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ አይታክተውም። ፀሐይ የመታው ግን ወዲያው አይሞትም፤ ሰውን የሚያታልለውም ይህ ነው። ይቆማል። ቅጠሉ ያንሳል፣ ይጠቀለላል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ከሩቅ ላየው ግን ጌሾ ጌሾውን ነው።

እናቴ ጌሾ ሸጣ አታውቅም። የራሷ ሕግ ነበራት፦ ለሠርግ ግዙ፣ ለሐዘን ከእኔ ውሰዱ። ለሠርግ የሚደግስ ሰው ቀኑን አስቀድሞ ያውቃል፣ ገበያ ለገበያ ዞሮ አማርጦ ይገዛል፤ ሞት የመጣበት ሰው ግን ያ ሁሉ ፋታ ከየት ይመጣለታል ትላለች። በሰፈራችን ሰው ሲሞት፣ ሣልስቱ ካለፈ በኋላ ከሐዘንተኞቹ አንዱ ወደ እኛ ቤት ይመጣል። ለአርባው ጠላ የሚሆነውን ጌሾ እናቴ በጥላ አድርቃ፣ በሰፌድ አበጥራ፣ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ትሰጠዋለች።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል። ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው ሰው ደግፏት ነው፤ ለቅሶ መድረስማ ቀርቷል። በእኛ አገር ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ምን እንደሚሰማው ለማያውቅ ማስረዳት ከባድ ነው። እናቴን ያተረፋት ጌሾው ነበር። ሐዘንተኛው መጥቶ አጠገቧ በርጩማ ላይ ይቀመጥና እንዴት እንደታመመ፣ እንዴት እንዳረፈ፣ በመጨረሻ ምን እንዳለ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነግራታል። አብራው ታለቅሳለች፣ ቋጠሮዋን ትሰጣለች፣ መርቃ ትሸኛለች። እሷ ወደ ሰው መሄድ ባትችል ሰው ወደ እሷ የሚመጣው በዚያ ጌሾ ምክንያት ነበር። እኔ የምከራከረው ስለ ቅጠል የሚመስላቸው ሰዎች ይህንን ሰምተውም የሰሙ አይመስሉም።

ጎረቤታችን ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ክፉ አይደለም። ባጃጅ ገዝቶ ያከራያል፣ ሲያልፍ ሲያገድም እናቴን ሳይጠይቅ አይሄድም፣ በክረምት ውሃው ሲበረታ ቦዩን አብሮን ይቆፍራል። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ በአጥራችን ጥግ የሚከራዩ ክፍሎች ሊሠራ አሰበ። ለበርና ለአልጋ ደግሞ ከዋንዛ የተሻለ እንጨት የለም። መጥቶ ነገረን፤ ያውም ኮፍያውን አውልቆ።

«እምዬ፣ ዋንዛውን ላነሳው ነው። ለጌሾዎ ግን አይስጉ፤ አንዲት ቅጠል አላስነካም።»

«ዛፉ ያንተ ነው ልጄ» አለችው እናቴ።

እኔ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጫለሁ። «ጥላውስ?» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝና ሳቀ። «ጥላ ደግሞ ምን ይሆናል? ጥላ ነው እኮ!»

ሰውየው ቀልደኛ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የምሩን ነው።

የተቆረጠ ዕለት ያደረገውን ጥንቃቄ ብነግራችሁ ታመሰግኑታላችሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ አመስግኖታል። ራሱ አጥሩን ዘሎ መጥቶ እያንዳንዱን የጌሾ እግር በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈነው። ቅርንጫፎቹን ከላይ እየመለመሉ በገመድ አወረዱ። ግንዱን ደግሞ ጎረምሶች ወደ ራሱ ግቢ ጎትተው ጣሉት። መሬቱ ሲደነግጥ ዶሮዎቻችን ተበተኑ። ከዚያ ማዳበሪያውን አንድ በአንድ አንስቶ፣ «ይኸው እምዬ፣ እንዳለ ነው» አለ። በዚያች ቅጽበት ጓሯችን ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ብርሃን ገባ። እናቴ ዓይኗን በእጇ ጋርዳ በርጩማዋን ወደ ግድግዳው ሳበች።

ከዚያው በጋ መጀመሪያ ጀምሮ ቅጠሉ ያንስ ጀመር። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በእኛ ሜዳ ፀሐዩ ምን እንደሚመስል የወረታ ሰው ያውቀዋል፤ የሩዙ ማሳ ተሰንጥቆ እግር ያስገባል። እኔ ልሞክር ብዬ በመደቡ ላይ እንጨት ተክዬ፣ በላዩ የሩዝ ጭድ ረብርቤ ዳስ ሠራሁለት። ሐሳቤ ደህና ነበር። ግን በበጋ ማገባደጃ በዚህ አገር ጭድ ማለት ለከብት ምን ማለት እንደሆነ እንዴት እንደዘነጋሁት አላውቅም። አንድ ጧት ስነሳ የማን እንደሆነች የማላውቃት ላም አጥሩን ጥሳ ገብታ ጥላችንን እየበላች አገኘኋት። ግማሹን ጨርሳዋለች። ልትደርስበት ያልቻለችውን ለማግኘት ደግሞ መደቡ ላይ ወጥታ ሁለት እግር ጌሾ ረግጣለች። ላሟን በዱላ እያሯሯጥኩ የተናገርኩትን ስድብ እናቴ ሰምታ አማተበች። ስድቡ ለላሟ ብቻ እንዳልነበረ ግን ገብቷታል።

ንዴት የወረስኩት ከአባቴ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበር፤ ዜማ ያበላሸን ተማሪ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ አስቁሞ ከመጀመሪያው የሚያስጀምር ሰው። እኔም አልቻልኩም፤ ሽማግሌ ሰበሰብኩ። የነፍስ አባታችንና ሁለት የሰፈር ሽማግሎች መጡ፣ ጎረቤታችንም መጣ። ተቀመጡ፣ አዳመጡኝ፣ መደቡን ዞረው አዩት። ያዩት ቆሞ ያለ ጌሾ ነው።

«ልጄ፣ ዛፉ የማን ነው?» አሉኝ የነፍስ አባታችን።

«የእሱ ነው አባ።»

«ጌሾውስ?»

«የእኛ።»

«ነክቶታል?»

«አልነካውም።»

«እንግዴህ ምን ወሰደብሽ?»

«ጥላውን ወሰደብን አባ! እናቴ መደቡን ስትሠራ ያንን ጥላ ብላ ነው። ጥላው ሲሄድ ጌሾው ሄደ ማለት ነው።»

ከሽማግሎቹ አንዱ ከንፈሩን ነከስ አድርጎ ሳቁን ያዘ። «እኔ ስንት የወሰን ጠብ አስታርቄ አውቃለሁ። ጥላዬን ተወሰድኩ ብሎ የከሰሰ ግን አንች የመጀመሪያዋ ነሽ» አለ። ይሄኔ ሁሉም ሳቁ፤ ጎረቤታችንም፣ የነፍስ አባታችንም ጭምር። በክፋት አልነበረም። ለልጅ እንደሚሳቀው ዓይነት ሳቅ ነው፤ እሳት የሚያስጎርሰኝም እሱ ነው። በመጨረሻ ጎረቤት ናችሁ ተባለና ተነስቼ ይቅር ለእግዚአብሔር እንድል ተደረገ። አልኩም። የተበደለው ሰው ይቅርታ የሚጠይቅበት ሽምግልና ያየሁት ያን ቀን ነው።

በተከታዩ ዓመት የጎረቤታችን እናት አረፉ። ለረጅም ጊዜ ተኝተው ነበር። የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ እናቴ ከአልጋዋ ላይ ቀና ብላ ስማቸውን ጠርታ አለቀሰች፤ ወጣትነታቸውን አንድ ላይ ያሳለፉ ናቸው። ከሣልስቱ በኋላ እሱ ራሱ መጣ። ጥቁር ለብሷል፣ ጢሙ አድጓል። በርጩማው ላይ ተቀመጠና የእናቱን አሟሟት ነገራት። አለቀሰ፤ እናቴም አለቀሰች። እኔም አለቅስ ጀመር፤ ሰው ነኝና። ቀጥሎ ዓይኑን ጠረግ አድርጎ፣ «እንግዴህ እምዬ፣ ለአርባው ጌሾ ከእርስዎ ሌላ የት እሄዳለሁ» ሲል ግን እንባዬ ቀጥ አለ። ምላሴ ጫፍ ላይ የደረሰውን ሳልናገር እናቴ ቀደመችኝ።

«ሰንበቱ ይለፍና ላክብኝ ልጄ። በደንብ ይድረቅ።»

ምን ይደርቃል? ሰፌዱ ላይ እፍኝ የማይሞላ፣ እንደ ቁራጭ ወረቀት የተጠቀለለ ቢጫ ቅጠል ነበር። ሰውየው ከበሩ እንደወጣ እናቴ ከትራሷ ሥር ብር አውጥታ ዘረጋችልኝ።

«ገበያ ሂጅ።»

«ለእሱ? አንች እማ፣ ለእሱ ጌሾ ገዝቼ ላምጣለት?»

«ለሟቿ ነው።»

«ያለንን አሳይው! ይኸው ያደረግከው በይው!»

«ሐዘንተኛን ባዶ እጁን ከደጄ አልመልስም» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «ደግሞ ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ።»

ሄድኩ። በደብረ ታቦር መንገድ ከደጋ የሚመጣ ጌሾ ከሚሸጡት ሴቶች ገዛሁ። ቤት ሳስገባው ደግሞ የሰረቅሁ ይመስል በልብስ መስፊያ ጨርቄ ውስጥ ደብቄ ነው። እናቴ እንጨቱን ለቅማ፣ አቧራውን አበጥራ፣ የራሷን አስመስላ በነጭ ጨርቅ ቋጠረችው። ስትሠራ ጉልበቷን የረሳች ትመስል ነበር።

በአርባው ዕለት ሁለት ጎረምሶች በወንበር ተሸክመው ወደ ተዝካሩ ዳስ ወሰዷት፤ ለዚያች ጓደኛዋ ሲሆን መቅረት አልቻለችም። እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቀሳውስቱ ጸሎት አድርገው፣ ሰው በልቶ ጠላው ሲዞር ጎረቤታችን መካከል ላይ ቆመ። ያንን የማይረሳኝን ነገር የተናገረው እዚያ ነው።

«ይህ ጠላ በማን ጌሾ እንደተጠመቀ ታውቃላችሁ? በእምዬ ጌሾ ነው! ዛፉ ቢቆረጥም ይኸው አልተጎዳም። እግዜር ያክብርልኝ፤ ቂም የሌላቸው እናት ናቸው።»

ሰው ሁሉ ማጨብጨብ ነው የቀረው። ያ ሳቁን የያዘው ሽማግሌ ጽዋውን አንስቶ ወደ እኔ እያየ፣ «አላልንሽም?» አለኝ። ልነሳ ስል የእናቴ እጅ አንጓዬን ጨበጠው። እንዲያ ያለ ጉልበት እጇ ላይ መኖሩን አላውቅም ነበር። ተመልሼ ቁጭ አልኩ። በገዛ ገንዘባችን የተገዛ ጌሾ እኛኑ ለማሳፈር ምስክር ሆኖ ሲቆም ቁጭ ብዬ ጠጣሁ።

ከዚያ በኋላ በሰፈራችን ሌላም ሞት ነበር፤ ሌላም። ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር እናቴ ትራሷን ታነሳለች፣ እኔ ጨርቄን ይዤ ገበያ እወርዳለሁ። ሐዘንተኛው መጥቶ ይቀመጣል፣ ይናገራል፣ ያለቅሳል፣ ቋጠሮውን ይዞ ይሄዳል። እናቴ ደስተኛ ነበረች ብል ሐዘን ላይ ደስታ አይባልም፤ ግን በቦታዋ ነበረች። እኔ ውሸቱን ተሸክሜ እመላለስ ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢቆይ ምናልባት እለምደው ነበር። ግን በምሥራቅ በኩል ያለው ጎረቤታችን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣ። በእሱ ግቢ አጥር ላይ አንድ የብሳና ዛፍ አለ። በመደቡ የምሥራቅ ጫፍ ያሉት ጥቂት እግሮች የጧቱን ጥላ የሚያገኙት ከእሱ ስለሆነ ቅጠላቸው ገና አረንጓዴ ነበር። የቀረን እሱ ብቻ ነው። ይህኛውም ጨዋ ሰው ነው፤ ይህኛውም ኮፍያውን አወለቀ።

«እምዬ፣ ብሳናው ጣሪያዬን እያበላሸ ነው፤ ልቁረጠው ብዬ ነው። ጌሾዎ እንደማይጎዳ መቼም አይተናል። በአርባው ዕለት ጠጥተነዋል እኮ።»

እናቴን አየኋት። መጀመሪያ ወደ ጓሮ፣ ቀጥሎ ወደ ሰውየው ተመለከተች። ጎድቶኛል ብትል የጠጡት ሁሉ ከየት እንደመጣ መናገር ሊኖርባት ነው።

«ቁረጠው ልጄ» አለች።

እዚህ ላይ አልቻልኩም። ሰውየውን ክንዱን ይዤ ወደ ጓሮ ጎተትኩት። በመደቡ ርዝመት ሁሉ አስኬድኩት፤ ቢጫውን ቅጠል በጥሼ መዳፉ ላይ ፈርፈር አደረግሁለት። «ይህን ነው የጠጣችሁት? የጠጣችሁት የገበያ ነው! ያ ዋንዛ ከተቆረጠ ጀምሮ ከዚህ መደብ ለአንድም ለቅሶ ቤት አልወጣም፤ እኔ ነኝ እየገዛሁ የማመላለሰው!» እየጮህኩ ነበር። መንገድ ላይ የቆመ ሰው ሳይቀር ሰማ። ሰውየው ቅጠሉን መዳፉ ላይ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ኋላም በእናቴ በኩል ጎንበስ ብሎ አልፎ ሄደ። ብሳናውን አልቆረጠም፤ እስካሁንም ቆሞ አለ።

እናቴ ያን ማታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ከእኔ ጋር የተነጋገረችው ሰንብታ ነው፤ ያንን ነገር ግን አንስታው አታውቅም።

ወሬው ለሁሉም ደረሰ። የዋንዛው ጎረቤታችን ሮጦ መጥቶ እግሯ ላይ ወደቀ። «አላወቅሁም እምዬ፣ አላወቅሁም» አለ። ነግሬህ ነበር ለማለት አፌን ስከፍት ደግሞ ያንን የባሰውን ተናገረ። «ሰፈርተኛው ሁሉ ተነጋግሯል። በዚህ ዕድሜዎ፣ በዚህ ጉልበትዎ፣ ከራስዎ ገንዘብ አውጥተው! ከእንግዴህ ማንም ጌሾ ብሎ አያስቸግርዎትም።» አዘኑላት። አሁን፣ ዛፉ ከወደቀ በኋላ፣ ጥላው አልቆ፣ ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ አዘኑላት! ማን እዘኑላት አላቸው? ቅንጣት ታህል ለማዘን በሽምግልናው ዕለት የት ነበሩ? ያ ሳቁን የያዘው ሽማግሌማ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ አሁንም፣ «ጌሾውን እንኳ እሱ አልነካውም» ይለኛል፤ ለእኛም ለእሱም ያዘነ መስሎት።

አሁን ተመልሰን ብንኖረው ዝም እል ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አልልም። በብሳናው ሥር ያለው ጌሾ ተርፏል። ዘንድሮ ዝናቡ ደግ ስለነበር አቆጠቆጠ፣ ሰፋ። እናቴ ቆርጣ፣ በጥላ አድርቃ፣ አበጥራ አንድ ቋጠሮ አዘጋጀች። ይህኛው የእሷው ነው፤ ከገበያ የገባ አንዲት ቅጠል የለበትም። በዚያው ሰሞን አንድ ሰው ሞተ፤ ማንም ስላልመጣ ቋጠሮውን ይዤ እኔ ሄድኩ። የቤቱ ሰዎች ቆመው ተቀበሉኝ፣ ቋጠሮውን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። «ኧረ እባክሽ፣ እምዬን አናስቸግርም። ለራሳችሁ ይሁን» አሉ። የእሷ ነው፣ ከጓሮዋ ነው ብዬ ማልኩ። እሺ እሺ አሉኝ፤ ፊታቸው ግን አላመነኝም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከእኛ ሦስት ቤት ዝቅ ብሎ ጥሩምባ ተነፋ። ሣልስቱ ባለፈ ማግስት እናቴ በጧት ተነስታ ነጠላዋን ለበሰች፣ በርጩማዋን ደጅ በሩ ላይ እንዳወጣላት አዘዘችኝ፣ ቋጠሮዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እኔ በረንዳ ላይ ጨርቅ ይዤ፣ የማልሰፋውን እየሰፋሁ አያታለሁ። ረፋዱ ላይ የሐዘንተኞቹ ምራት ባዶ ማዳበሪያ በብብቷ ይዛ ከታች ብቅ አለች። እናቴ ቋጠሮውን አስተካክላ ቀና አለች። ሴትዮዋ በራችን ጋ ስትደርስ ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ፣ በአክብሮት እጅ ነስታ፣ «እንደምን አደሩ እምዬ» አለችና ወደ ገበያው አለፈች።